ዜሮ የቀዘቀዘችበት ጠዋት

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሚያሳድጋት ውሻ ግን ፀጉር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሰፈሩ በዚህ ሲስቅ ኖሯል። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል፣ «ጋሼ መቀስ፣ ይቺን ሚስኪን እንዲህ የላጨሃት አንተ ነህ?» ይላል። መቀስ ደግሞ (እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ በሱ የሚጠራው ግን የለም) ዓይኑን ከቶንዶሱ ሳያነሳ፣ «ዜሮ አድርግልኝ አለች፣ አደረግኩላት። እኔ ደንበኛ ያዘዘኝን ነው የምሠራው» ብሎ ይመልሳል። የውሻይቱም ስም በዚሁ ዜሮ ሆኖ ቀረ።

ያመጣት አንድ ደንበኛ ነው። ለሥራ ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል፣ «አንድ ሳምንት ብቻ ያዝልኝ» ብሎ ከነብርድ ልብሷ አስረከበው። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀም። መቀስ መጀመሪያ ላይ፣ የሚራገፍ ፀጉር የለ፣ ቁንጫ የለ፣ ይቺ ደግሞ ምን ትከብደኛለች ብሎ ነበር። የዋህ! ፀሐይ ላይ ትንሽ ከተጋደመች ጀርባዋ ይቀላል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ለሕፃን የሚሆን የፀሐይ ቅባት ጆሮዋንና ጀርባዋን ይቀባታል። ደመና ሲሆን ትንቀጠቀጣለች፤ ስለዚህ የሚስቱን አሮጌ ሹራብ እጅጌ ቆርጦ፣ ለፊት እግሮቿ ቀዳዳ አውጥቶ ያለብሳታል። ቆዳዋ እንደ ጎረምሳ ፊት ብጉር ያወጣል፤ ለደንበኛ ጺም የሚያሞቀውን ፎጣ ጨምቆ ጀርባዋ ላይ ጣል ያደርግላታል፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትኮፈሳለች። ጥርሷ ከተፈጥሮው ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ምግቧን አድቅቆ ነው የሚያቀርብላት። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራው ሚስቱ ይህን ሁሉ እያየች፣ «አንተ ሰው፣ ለኔ አንድ ቀን ፎጣ አሙቀህልኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ግን ዜሮን መጀመሪያ ሲነኳት በድንጋጤ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ኧረ ይቺ በትኩሳት እየነደደች ነው!» አሉ። እማማ፣ ፀጉር ስለሌላት ነው ሙቀቷ እጅ ላይ የሚታወቀው ቢባሉ ወይ ፍንክች! እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ሲያደርጉና ሲያነሱ ዋሉ። ኋላ ዜሮ ራሷ ዘላ ወጣችና የሚቆረጥማቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋደመች። እማማም፣ «ትኩሳቷስ ደግ ነው፤ ተዉአት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ዜሮ ቀን ቀን የእማማ፣ ማታ ማታ የመቀስ ሆነች።

እማማ የደም ግፊት አለባቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ክኒን ይውጣሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ነገር ይጠፋባቸው ጀምሯል። ምድጃ አብርተው ይረሳሉ፣ ልጃቸውን በሟች እህታቸው ስም ይጠራሉ። ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው በደወለ ቁጥር «እኔ ዘንድ ትምጣ፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቃት ሠራተኛ አለች» ይላል። እማማ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። «እዚያ ሄጄ ከማላውቃት ሴት ጋር ተፋጥጬ ልዋል?» ይላሉ። የመቀስ ሚስት ግን ከዚያ ምድጃ ወዲህ ስጋት ገብቷታል። አንድ ቀን ለመቀስ በሹክሹክታ፣ «አንድ ጥፋት ከደገመች እልካታለሁ፤ ቤቱን በላያችን ላይ ሳታቃጥለው» አለችው። እማማ ከጓዳ ሆነው ይህን መስማታቸውን ሁለቱም አላወቁም።

የመቀስ የራሱ ጉድ ደግሞ ኮፍያው ሥር ነበር። በወጣትነቱ ጭንቅላቱ የሱቁ ማስታወቂያ ነበር፤ «ልክ እንዳንተ አድርገህ ቁረጠኝ» የማይለው አልነበረም። ቀን ሙሉ መስተዋት ይዞ ለሰው ሁሉ ማጅራቱን የሚያሳየው እሱ፣ ለራሱ አናቱን የሚያሳየው ሰው አልነበረውም። አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ ሁለት መስተዋት አጋጥሞ ሲያይ፣ አናቱ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባዶ ቦታ አገኘ። ሳንቲሟ እያደር ሳህን ሆነች። ኮፍያ አደረገ፤ ለጠየቀው ሁሉ «አምፖሉ ዓይኔን እየወጋኝ» ይላል። መላጣ ፀጉር አስተካካይን ማን ያምናል ባይ ነው። ደንበኞቹስ ለእጁ እንጂ ለአናቱ ብለው አይመጡም ነበር፤ ግን ይህን ማን ይንገረው?

በመጨረሻ ከሰፈር ራቅ ያለ መድኃኒት ቤት ሄደና ፀጉር ያበቅላል የተባለ የሚቀባ ነገር ገዛ። ባለመድኃኒት ቤቱ ወሬ ይወድ ስለነበር፣ «ይሄ እኮ መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የዋጡት ሰዎች ገላቸው ላይ ፀጉር ሲያበቅሉ ጊዜ ነው ለራስ ቅል የዋለው» ብሎ አጫወተው። መቀስ ሚስቱ እንዳታነበው የጠርሙሱን ጽሑፍ በሞቀ ውሃ ልጦ ጣለው፤ እሱም አላነበበው። ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት ቆልፎ ይቀባና ጠርሙሱን በተበላሸ ቶንዶስ ካርቶን ውስጥ ይደብቀዋል። ሲተኛ ዜሮ ትራሱ ላይ ትወጣና አናቱን ትልስለታለች። «አንቺ ብቻ ነሽ የማታፍሪብኝ» ይላታል። ኮፍያውን አውልቆ የሚታየው ለሷ ብቻ ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት መቀስ ሲነቃ ዜሮ ትራሱ ላይ አልነበረችም። ወለሉ ላይ፣ አልጋው ሥር በጎኗ ተዘርራ አገኛት። እጁን ጀርባዋ ላይ ሲያሳርፍ ቀልቡ ተገፈፈ። ያች ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ የምትሞቀው ገላ ቀዝቅዛለች። «ዜሮ! ዜሮዬ!» ቢላት ጆሮዋን እንኳ አላነሳችም። ደረቷ ላይ ጣቱን ሲያደርግ ልቧ ይጋልባል፤ አንዱን ምት ከአንዱ መለየት አይቻልም።

«ተነሺ! ዜሮ ልትሞትብኝ ነው!» ብሎ ሚስቱን ቀሰቀሰ። ኮፍያውን አናቱ ላይ ደፋ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ኮፍያውን አልረሳም። እማማም ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የእጅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ «እኔንም ሳትወስዱኝ አትሄዱም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

ቅርብ የተገኘው መኪና የጎረቤታቸው ታክሲ ነው፤ ባለ ታክሲው ደግሞ ሰፈሩ ሬዲዮ ብሎ የሚጠራው ሰው ነው። የሰማውን ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሰፈሩ ካላዳረሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ደግ ሰው ነው፤ የሚጎዳው ምላሱ ነው። ዜሮን ሲያይ ግን ጨዋታውን ትቶ መኪናውን አስነሳ። የመቀስ ሚስት ዜሮን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቀፈች። እማማ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብተው፣ «ቀዝቅዛለች፤ እኔ ይቺን ልጅ ቀዝቅዛ አላውቃትም» እያሉ እግሯን ያሹላታል። መቀስ ከፊት ተቀምጦ ቀይ መብራት ባዩ ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል።

እሁድ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም አንዲት ብቻ ነበረች። ወጣት ናት፤ ወሬ አታበዛም። ዜሮን የብረት ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ የእጅጌ ሹራቧን አውልቃ፣ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ ድዷን አየች። ድዷ ወረቀት መስሏል። በማዳመጫው ልቧን አዳመጠች፣ ትንሽ ማሰሪያ እግሯ ላይ ጠቅልላ ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካች።

«ግፊቷ በጣም ወርዷል» አለች። «ልቧ ደሙን ለማድረስ ነው እንዲህ የሚሮጠው። በሽታ አይመስለኝም። ያልሆነ ነገር ወደ ሆዷ ገብቷል። ቤታችሁ ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒት አለ?»

ሚስቱ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ...»

እማማ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«እማዬ፣ ዛሬ ክኒንሽን ውጠሻል? ትላንትስ? መሬት አልጣልሽም?»

«ውጫለሁ መሰለኝ» አሉ እማማ።

«መሰለኝ ምንድነው? ውጠሻል ወይስ አልዋጥሽም? ጭንሽ ላይ ተኝታ ነው እኮ የምትውጪው!»

መቀስ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሐኪሟ «የደም ግፊት መድኃኒት» ስትል የዚያ የመድኃኒት ቤት ሰውዬ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸበት። የለም፣ አይሆንም፣ እኔ የምቀባው ነው እንጂ የምውጠው አይደለም፣ እሷም ጠርሙሱ ጋ አትደርስም ብሎ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ከዚያ ያች ትንሽ ሞቃት ምላስ አናቱ ላይ ትዝ አለችው። ሙግቱ እዚያ ላይ አለቀ።

ቀና ብሎ በሩን አየ። ሬዲዮ «ውጤቱን ሳልሰማ አልሄድም» ብሎ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ጆሮው ቆሟል። መቀስ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። ነገ ጠዋት ሱቁ በር ላይ የሚሆነውን አሰበ፤ ሳቁን፣ «ጋሼ እስቲ ኮፍያህን» የሚሉትን ሁሉ። የሰው ልጅ እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የሚወዳት ነፍስ ፊቱ እያጣጣረች ስለ ሳቅ ያስባል!

ሐኪሟ ከቦርሳው የወጣውን የእማማን ክኒን ተቀብላ ማሸጊያውን አገላብጣ አየች። «በቀን አንዲት ነው የሚወስዱት? ስንት ቀርቶዎት እንደነበር ያስታውሳሉ?»

«አላስታውስም ልጄ» አሉ እማማ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቀስ ብለው፣ «ጥዬ ይሆናል። እረሳለሁ። ልጄ እውነቷን ነው፤ አሁን አሁን እረሳለሁ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ።

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ተቆጥታ ሳለ እናቷ እንዲህ በቀላሉ ጥፋቱን ሲወስዱ ስታይ ቁጣዋ ወደ ጸጸት ዞረ። የተናገረችውን መመለስ ግን አልቻለችም።

«ይሄ ክኒን ከምልክቶቿ ጋር አይገጥምልኝም» አለች ሐኪሟ ግንባሯን ቋጥራ። «የዚህ ዓይነቱ ልብ ያዘገማል። ግን ሌላ ነገር ከሌለ ጊዜ አናጠፋም፤ ለሱ የሚሰጠውን መርፌ እሰጣታለሁ። ከተሳሳትን ልቧን ይብሱን ያስሮጠዋል፤ ይህን እወቁት።» ጓንቷን አጥልቃ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ትንሽ ብልቃጥ አነሳች፣ መርፌውን ሰካች፣ መሳብ ጀመረች።

«ዶክተር» አለ መቀስ። «ውጭ አንድ ጊዜ ላናግርዎት?»

«ጊዜ የለኝም፤ እዚሁ ይናገሩ።»

መቀስ ወደ ሬዲዮ ዞር ብሎ አየ። ዜሮ ጠረጴዛው ላይ አንዴ አቃሰተች፤ ቀጭን፣ የማትሰማ ድምፅ። ሐኪሟ መርፌውን ይዛ ተጠጋች፤ የዜሮን የፊት እግር አነሳች።

«አትውጊያት!» ብሎ ጮኸ። «ክኒኑ አይደለም። የኔ ነው። እኔ ማታ ማታ የምቀባው አለ። ፀጉር የሚያበቅል። ድሮ የግፊት መድኃኒት ነበር ብሎኛል የሸጠልኝ ሰውዬ።»

ሐኪሟ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠች። «ምንህን ነው የምትቀባው?» አለች፤ በድንጋጤ አክብሮቱን ረስታዋለች።

«አናቴን።»

«እሷ እንዴት አገኘችው?»

«ትልሰኛለች።» መቀስ ወለሉን እያየ ነበር። «ስተኛ አናቴን ትልሰኛለች። እኔም ዝም እላታለሁ።»

«የመድኃኒቱን ስም ታውቀዋለህ?» መቀስ ከሻጩ የሰማውን ስም ነገራት። ሐኪሟ ስሙን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ አሁን ሁሉም ነገር እንደገጠመላት ፊቷ ላይ ታየ። «ይሄ ለውሻ መርዝ ነው፤ ጥቂቱም ይበቃል። ኮፍያህን አውልቅ። ትላንት የተቀባኸው ከላይህ ሳይወርድ እንዳትነካት። እሷም አሁኑኑ ትታጠባለች፤ ቆዳዋ ባዶ ስለሆነ ከትራሱ የነካት ሁሉ በቀጥታ ይገባል።»

መቀስ ኮፍያውን አወለቀ። ያ ሳህን የሚያህለው ባዶ ቦታ በሐኪሟ መብራት ሥር ወለል ብሎ ታየ። ሬዲዮ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያው ጠፋበት። የመቀስ ሚስት ዜሮን በለብታ ውሃና በሳሙና አጠበቻት። ሐኪሟ በቀጭኑ የደም ሥሯ ላይ መርፌ ሰክታ ግሉኮሱን አንጠለጠለች፤ ሌላ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ጨመረችበት። መቀስ ውሾች በሚታጠቡበት ገንዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ራሱን በሳሙና ፈተገ፤ ሬዲዮ ቧንቧውን ይዞለት ነበር። «ዓይንህን ጨፍን፤ ሳሙና እንዳይገባብህ» አለው፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላለም።

«መሞቅ አለባት» አለች ሐኪሟ። «የራሷ ሙቀት አልቋል፣ ፀጉርም የላት። የሰው ገላ ያስፈልጋታል።»

«እኔ ዘንድ ስጧት» አሉ እማማ። ወንበር ቀረበላቸው። ጉልበታቸው ላይ ፎጣ አነጠፉና ዜሮን ከነግሉኮሷ ተቀበሏት፤ በሹራባቸው ሸፈኗት። ሐኪሟ እየመጣች ትለካለች፣ ትመለሳለች። አንዴ ፊቷ ጨለም አለና ጠብታውን አፈጠነችው። ከመቀስ ራስ ላይ የሚወርደው ውሃ ሸሚዙን አርሶታል፤ ማንም ፎጣ አልሰጠውም፣ እሱም አልጠየቀም።

የመስኮቱ ፀሐይ ወለሉ መሃል ስትደርስ ሐኪሟ የዜሮን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች። «ድዷ ቀለም ይዟል» አለች። «ልቧም ረገብ ብሏል። ዛሬን እዚሁ ትደር። ግን የምትተርፍ ይመስለኛል።»

ሚስቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሬዲዮ «ተመስገን!» ብሎ ግድግዳውን በጥፊ መታው። መቀስ ግን የሚያየው እማማን ነበር። እማማ አላለቀሱም፣ አልሳቁም። ዜሮን እያሻሹ ጥቂት ካሰቡ በኋላ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

«እንግዲያው ክኒኔን አልጣልኩም ማለት ነው?»

«አልጣሉም እማማ» አለ መቀስ።

«በደንብ ውጬዋለሁ?»

«ውጠዋል። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው ሲገልጡት እንባ አቅርሯል። «እኔ እኮ እዚህ ቁጭ ብዬ ጓዜን በልቤ ሸክፌ ነበር» አሉ። «የትኛውን ቀሚስ ይዤ የትኛውን እንደምተው ሁሉ ለይቼ ነበር። አንድ ጥፋት ከደገመች መባሌን ሰምቻለሁ።»

ሚስቱ «እማዬ!» ብላ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እማማ በአንድ እጃቸው ራሷን ዳሰሱላት፤ ዓይናቸው ግን መቀስ ላይ ነው።

«አንተ መቼ አወቅህ ልጄ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። እንዳወቅሁ ያኔውኑ ነው የተናገርኩት ቢላቸው ያምኑታል፤ እሱን ሁልጊዜ ያምኑታል። ያን እምነታቸውን ሲያስበው ነው የባሰ የከበደው።

«ዶክተሯ መጀመሪያ ግፊት ስትል» አለ። «ያኔውኑ አውቄ ነበር።»

እማማ ራሳቸውን ወደ ዜሮ አቀረቀሩ። «እኔ ገደልኳት ስልም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

መቀስ ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ቢመጣ ይቀለው ነበር። እማማ ግን አልተሳደቡም። በሹራባቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ የዜሮን ጆሮ አስተካከሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ኪሱ አመለከቱ።

«ለወንድ ልጄ ደውልለት። እናትህ ጭንቅላቷ ደህና ነው በለው። እኔ ብነግረው አያምነኝም፣ እህቱም ብትነግረው አያምናትም፤ አንተ ትነግረዋለህ።»

«እሺ እማማ። ቤት እንደገባን...»

«ቤት እስክንገባ አይደለም። አሁን። እነዚህ ሰዎች እየሰሙ።»

መቀስ ስልኩን አወጣ። እጁ እርጥብ ስለነበር ስክሪኑ እምቢ አለው፤ በሱሪው ጠርጎ እንደገና ሞከረ። የእማማ ልጅ አነሳና እሁድ ጠዋት መደወሉን ሲያይ ድምፁ ተቀየረ፤ «ምነው? እማዬ ምን አጠፋች?» አለ።

«እማማ ምንም አላጠፉም» አለ መቀስ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ነገሩን ከሌላ ቦታ መጀመር ስለማይቻል፣ ሬዲዮ ፊት፣ ሐኪሟ ፊት፣ ሚስቱ ፊት ቆሞ፣ ከፀጉሩ ጀመረ።